«አንተስ?»

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ክፍል ውስጥ የምታስተምረውን ሳይሆን የሚጠቅመንን ንገረን» አሉኝ። ለአስተማሪ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ የለም። ርዕስ አጥቼ ሳምንት ከረምኩ። ርዕሱን ያገኘሁት ትናንት ማታ እራት ላይ ነው።

በእኛ ጠረጴዛ ስምንት ወንዶች ነበርን። ገና ሾርባው ሳይነሳ ሁሉም ስልኩን አወጣ። «ይቺ የመጨረሻዋ ናት»፣ «ይሄ ትልቁ ነው፣ ዘንድሮ ትምህርት ጀመረ»፤ ፎቶ በፎቶ ሆንን። ደስ የሚል ሰዓት ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ስምንታችንም ልጆቻችን እንዴት እንደሆኑ ተነጋገርን፤ እነዚያ ልጆች ሲወለዱ እኛ እንዴት እንደነበርን ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም ጭምር። ዛሬ እኔ ልጀምር።

ልጄ የተወለደችው በ2002 ዓ.ም. ነው። እኔ እዚሁ ጀማሪ መምህር ነበርኩ፤ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ቤቱ እልል ተባለበት፣ ገንፎው ተበላ፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሲባል ሰነበተ። አማቴ ከደሴ መጥተው ሰማንያዋ ክርስትና እስክትነሳ አብረውን ቆዩ። እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ለስላሳ አመጣለሁ፣ ወንበር ከጎረቤት እዋሳለሁ፣ እንግዳ እሸኛለሁ። ከዚያ አማቴ ሄዱ፣ ጠያቂውም ቀረ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ያኔ ነው ጸጥ ያልኩት።

ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት መሄድ አቃተኝ። ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያው ገጽ ነው። ለባለቤቴ «ፈተና እያረምኩ ነው» እላታለሁ። ልጅቷ ተኝታ እንኳ እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣሪያ አያለሁ። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀኝ እቆጣለሁ። ሆዴን ይቆርጠኝ ስለነበር አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠኝ። ስለ ቤቴ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። «ይቺ ልጅ እኔ ከምኖርላት ባልኖርላት ይሻላት ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመላለስብኝ ነበር።

አንድ ማታ፣ ሊዘጋ ሲል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ መብራት ሊያጠፉ መጡ። እኛ ተማሪ ሳለን ጀምሮ በር ላይ መታወቂያችንን ሲያዩ የኖሩ አባት ናቸው። አጠገቤ ቆሙና፣

«ልጄ፣ ባለቤትህ ተገላገለች ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ሦስት ወር አለፋት።»

«እናስ፣ በረታች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት።»

«ሕፃኗስ?»

«ደኅና ናት።»

ትንሽ ዝም አሉና «አንተስ?» አሉኝ።

በሦስት ወር ውስጥ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። «ደኅና ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ዕንባ መጣ። እሳቸውም ምንም አላሉ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የዚያን ዕለት ቤተ መጻሕፍቱ ዘግይቶ ተዘጋ።

በሳምንቱ አንድ ታላቅ ባልደረባዬን አማከርኩ፤ እሱ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከኝ። ሐኪሙ ስም አወጣለት፤ ድባቴ። የተወሰኑ ወራት ሕክምናና ምክር ተከታተልኩ፤ ዳንኩ። ልጄ ዛሬ ከእኔ ቁመት ልትበልጥ ትንሽ ነው የቀራት። ይህን ታሪክ በሷና በእናቷ ፈቃድ ነው የምናገረው።

እንግዲህ አስተማሪ ነኝና ታሪኩን ብቻ ነግሬ አልቀመጥም። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ድባቴ ስንል የአንድ ቀን መከፋት ወይም የድካም ስሜት አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ ስሜት ሲወድቅ ወይም ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ሲያጣ፤ ከዚያም ጋር እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበትና ሐሳብን መሰብሰብ ሲታወክ፣ ሰው ራሱን እንደማይረባ ሲቆጥር ነው። እናቶች ከወሊድ በኋላ እንደሚይዛቸው በሰፊው ይታወቃል። አባቶችን እንደሚይዝ ግን ብዙ ሰው፣ ብዙ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ አያስብም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች በዓለም ላይ የተሠሩ 43 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ከ28 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ መረመሩ። ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ከአባቶቹ 10 በመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። በ2016 የወጣ ሌላ ሰፋ ያለ ግምገማ ቁጥሩን 8.4 በመቶ አድርጎታል። ከስምንት እስከ አሥር በመቶ በሉት። እንግዲህ ትናንት ማታ የተቀመጥንበትን ጠረጴዛ አስቡ።

ከዚያ ከ2010ሩ ጥናት እኔን ቀጥ ብሎ የያዘኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ድባቴው በአባቶች ላይ ከፍ ብሎ የታየው ልጁ በተወለደ ሰሞን አይደለም፤ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩ 25 በመቶ አካባቢ ደርሷል። ያንን ሳነብ የኛ ቤት ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ሦስተኛው ወር ምን ማለት ነው? አራስ ጥየቃው አልቋል፣ ክርስትናው ተነስቷል፣ አያትየው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፣ ለድግሱ የተበደርነው ገንዘብ መክፈያው ደርሷል። ሰው ሁሉ «አለፈላቸው» ብሎ የሚሄድበት ሰዓት ነው።

ደግሞ ነገሩ በአራስ ቤት አያበቃም። አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ወጣት ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ፣ በ2014 የወጣ ጥናት አለ። በ25 ዓመት ዕድሜ አካባቢ አባት ሆነው ከልጃቸው ጋር በአንድ ቤት በሚኖሩት ላይ፣ የድባቴ ምልክት መለኪያው ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በአማካይ በ68 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ማለት 68 በመቶዎቹ ታመሙ ማለት አይደለም፤ የሸክሙ ልክ ጨመረ ማለት ነው። ልዩነቱን ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ስለሚስቱት ነው የማስረዳው።

ታዲያ ማንን ነው የሚይዘው? ማንንም ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን በር የሚከፍቱለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያውና በጥናት ሁሉ ላይ ጎልቶ የሚወጣው የእናትየው ድባቴ ነው። ሚስት ከወሊድ በኋላ በድባቴ ስትያዝ፣ ከባሎቻቸው መካከል ከ24 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት አብረው እንደሚያዙ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። አንድ ቤት ውስጥ ጉንፋን እንኳ አንድ ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። ስለዚህ እናትየው ታማ ስትገኝ «ባልየው ያስታምማታል» ብሎ መዝጋት አይበቃም፤ አስታማሚውም ሊታይ ይገባል።

ሁለተኛው የራሱ የቀድሞ ታሪክ ነው። ከዚህ በፊት ድባቴ የያዘው ሰው፣ ልጅ ሲወለድ ተመልሶ ሊነሳበት ይችላል። ተማሪ ሳለን በአንዱ ሴሚስተር ከዶርም አልወጣ ብሎ ያስጨነቀን ልጅ ነበረ አይደል? «ስንፍና ነው» አልነው። ምናልባት አልነበረም።

ሦስተኛው የትዳሩ ሁኔታ ነው። ጭቅጭቅ የበዛበት ወይም መነጋገር የጠፋበት ቤት አባትየውን ያጋልጠዋል። ሳይታሰብ የመጣ እርግዝናም እንዲሁ።

አራተኛው ኑሮ ነው። ሥራ ማጣት፣ ገቢ ማነስ፣ የቤት ኪራይ። እኛ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። ደግ አባባል ነው፤ ያጽናናል። ግን አንዳንዴ የአባትየውን አፍ መዝጊያም ይሆናል። ወተቱ ስንት እንደገባ እያሰበ ሌሊት የሚነቃ ሰው «ቸገረኝ» ቢል፣ በልጁ ዕድል ያማረረ ይመስልበታል። ስለዚህ ዝም ይላል። ሕጉም ለአባት የሰጠው ጊዜ አጭር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታገኛለች፤ አባት የሚያገኘው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ ይህንንም አልሰጠም ነበርና መሻሻል ነው። ቢሆንም በሦስት ቀን ሰው ለመቀበያው ድንኳን እንኳ ተክሎ አያነሳም።

አምስተኛው እንቅልፍ ነው። በተከታታይ የተቆራረጠ እንቅልፍ ጤነኛውንም ሰው ያውካል። ልጁ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ ከታመመ፣ ሆስፒታል ከተኛ ደግሞ ፍርሃቱ ይጨመራል።

ስድስተኛው ብቸኝነት ነው፤ እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣችሁ ትረዱኛላችሁ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የክፍላችን ልጅ፣ ስሙን እንዳልጠራ ነግሮኝ እንጂ ታሪኩን ተናገር ብሎኛል። እሱ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ባለቤቱ ሌሊት በነርስነት ትሠራለች። «ልጁን በር ላይ ነው የምንቀባበለው» አለኝ። «እሷ ቁልፍ ስታስገባ እኔ ጫማ አደርጋለሁ። አያት የለ፣ አክስት የለ፣ ‹እስቲ አንድ ሰዓት ተኛ፣ እኔ ልያዘው› የሚል የለ። በስልክ ለእናቴ ሁሌ ‹በጣም ደስ ብሎናል› እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ መኪናው ውስጥ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ።» እኔ ቤተ መጻሕፍት፣ እሱ መኪና ውስጥ። የተለያየነው በቦታ ብቻ ነው።

ወንዶች ላይ ይህ ሕመም የሚደበቅበት ምክንያትም አለው። ብዙ ወንድ አዘንኩ አይልም፤ ይቆጣል። አልቅሼ አደርኩ አይልም፤ አምሽቶ ይገባል። መጠጥ ይጨምራል፣ ጫት ይጀምራል፣ ሥራ ያበዛል፣ ጨጓራዬን፣ ወገቤን፣ ራሴን ይላል። ቤተሰቡ «ተለወጠ፣ ልጅ ሲመጣ ሸሸ» ይለዋል። እናትየውን ለመመርመር የሚሠራበት አሥር ጥያቄ ያለው የኤዲንብራ መለኪያ በአባቶች ላይ ሲሞከር፣ መቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ማለት እንዳለበት የታየውም በዚህ ነው፤ ወንዱ ስሜቱን ቀንሶ ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ የሴት ጓደኞቼን ፊት እያየሁ ነው። አንዷ ጠዋት ርዕሴን ስነግራት «ያማጥኩት እኔ፣ የታመመው እሱ?» ብላ ሳቀችብኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድካሙ የሴቷ ይበልጣል፤ ድባቴውም በእናቶች ላይ ይበዛል። ይህ ንግግር ለአባት ምሕረት መለመኛ አይደለም፤ ሚስቱን ለሚያስፈራራ፣ እጁን ለሚያነሳ ሰው ደግሞ ፈጽሞ ሰበብ አይሆንም። እኔ የምለው፣ እሱ ሲወድቅ የሚያርፍባት ሸክም የሷ ነው። እኔ ቤተ መጻሕፍት በተደበቅሁባቸው ምሽቶች ልጅ ይዛ ብቻዋን የተቀመጠችው ባለቤቴ ናት። እሱን ማከም እሷን መርዳት ነው።

ልጁንም መርዳት ነው። እንግሊዝ አገር በኤቨን አካባቢ የተወለዱ ሺዎች ልጆችን ከነወላጆቻቸው የተከታተለ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ልጁ በስምንት ሳምንቱ አባትየው ድባቴ ከነበረበት፣ ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው የጠባይና የስሜት ችግር በብዛት ታየበት፤ በተለይ ወንዶቹ ላይ። የእናትየው ድባቴ ተለይቶ ከተሰላ በኋላም ግንኙነቱ አልጠፋም። በአሜሪካ የአንድ ዓመት ልጅ ባላቸው አባቶች ላይ የተደረገ፣ በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ድባቴ ካለባቸው አባቶች 41 በመቶው ልጁን በመምታት ሲቀጡ፣ ከሌለባቸው 13 በመቶው ናቸው። የአንድ ዓመት ልጅ ነው የምላችሁ። በዚያው ጥናት አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ፤ ድባቴ ካለባቸው አባቶች 77 በመቶው በዚያ ዓመት ውስጥ የልጃቸውን ሐኪም አነጋግረዋል። ሰውየው ለራሱ ሐኪም ቤት ባይሄድም ለልጁ ሲል ይሄዳል ማለት ነው።

ከዚህ ነው የእኔ ሐሳብ የሚመጣው፤ በተለይ እዚህ ላላችሁ የጤና ሳይንስና የሕክምና መምህራን። በአገራችን ሕፃን በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይከተባል። አሥራ አራተኛው ሳምንት ሦስት ወር አልፎት ማለት ነው፤ ቅድም ያልኳችሁ አስቸጋሪ ጊዜ መግቢያው ላይ። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፣ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ተማሪዎቻችንን ስናሠለጥን፣ አባት አብሮ ከመጣ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁት እናስተምራቸው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከፍቶህ ወይም ተስፋ ቆርጠህ ነበር ወይ? ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች ፍላጎት ጠፍቶብህ ነበር ወይ? አባት ካልመጣም እናትየውን «እሱስ እንዴት ነው?» ማለት ይቻላል። አዎ ካለ፣ በደንብ ወደሚያየው ባለሙያ መላክ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲሄዱ ይህን ማድረግ ይችላሉ።

ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው። የንግግር ሕክምና አለ፣ መድኃኒት አለ። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ማለት የግድ አማኑኤል መሄድ ማለት አይደለም፤ በበርካታ አጠቃላይ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሠለጠነ ባለሙያ ይገኛል። አማኑኤል መሄድም ቢሆን ነውር የለበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶቻችን ራሳቸው ናቸው። ሰው «ባልኖር ይሻላል» ብሎ ከተናገረ ግን ቀጠሮ አትስጡት፤ ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ወደ ሕክምና ሂዱ።

ልጨርስ። ለእናንተ አንድ የቤት ሥራ ብቻ አለኝ፤ እናርመዋለን።

የየክፍላችን የቴሌግራም ቡድን አለን። አንዱ «ልጅ ተወለደልኝ» ብሎ ሲጽፍ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስልሳ «እንኳን ደስ አለህ» ይደርሰዋል፤ አበባውም፣ እልልታውም። ደስ ይላል፣ አይቅር። ግን ከእኛ አንዱ ያንን ቀን ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፈው። ሦስት ወር ይቁጠር። ከዚያ ይደውል፤ መልእክት አይደለም፣ ይደውል። ስለ እናትየው ይጠይቅ፣ ስለ ልጁም ይጠይቅ። «ሁሉም ደኅና ናቸው» ሲባል ስልኩን አይዝጋ።

የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ሐኪም አልነበሩም፤ ከዚህ ዩኒቨርሲቲም አልተመረቁም። ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ትልቅ ሆና ሲያዩዋት ግንባሯን ሳሟት፣ የትምህርቷን ጠየቋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ጥንቱ፣ «አንተስ?» አሉኝ።

«ደኅና ነኝ አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።